ምዬ የበላሁት ፈጢራ

አሰላሙ ዐለይኩም ጠይባ ልጄ፣ አላህ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ፣ ዓደን ያለችውን አክስትሽንም ሰላም በይልኝ። እኔ ግን ሰላም አይደለሁም፣ ተናድጃለሁ! ከሄድሽ አራት ወር፣ አንድ መስመር አልጻፍሽም፣ እጅሽን ምን ያዘው?

ወረቀትሽ ሳይመጣ የሁሴኖን ፈጢራ አልቀምስም፣ ወላሂ ብዬ ምዬ ነበር። ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ በዚያ ብርድ ሁሴኖ ምጣድ ላይ ቅቤው ይንጫጫል፣ እሱ ደግሞ «ነይ ሰኪና፣ ልጅሽ እዚያ ቴምር ትበላለች፣ አንቺ እዚህ በመሐላ ትደርቂያለሽ?» ብሎ ማር አፍስሶ ሰጠኝ። በላሁት! ማሩ እስከ ክርኔ ወረደ፣ እንዴት እንደጣፈጠኝ! አንቺ የምትወጂውን የቂጣውን ደረቅ ጠርዝ እንኳ አላስተረፍኩም። ጣቴን ስልስ መሐላው ትዝ አለኝ፣ ልጄን በሆዴ ለወጥኳት ብዬ ጮህኩ፣ ሁሴኖን ሰደብኩት፣ እሱ ይስቃል!

ሼሁ ጋ ሮጥኩ፣ «አሥር ድሃ ማብላት ካልቻልሽ ሦስት ቀን ጹሚ» አሉኝ። ዛሬ ሁለተኛዬ ነው፣ የምራበው ባንቺ ምክንያት ነው!

ውሃ አፍልተሽ ጠጪ፣ ባሕሩ ዳር አትሂጂ። አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው፣ እኔንም ይማረኝ። ደህና ነኝ ብቻ ብለሽ ጻፊልኝ ልጄ፣ መሐላዬን በማፍረሴ ክፉ ነገር እንዳልነካሽ ልወቅ። ያኔ ፈጢራ እበላለሁ፣ ጠርዙን ግን አልነካም፣ ያንቺ ነው።

እናትሽ ሰኪና፣ ከአሰላ