ፎቶ የማይነሳው ሰውዬ

እሑድ፣ መስከረም 12

ጠዋት ጭጋግ ነበር። ሐይቁ ገና አልቀዘቀዘም። ኤግሊ የሚባሉት ዓሦች ሸምበቆው ዳር ትናንሽ ዓሣ እያሳደዱ ነው፤ ሰንበራቸው ከላይ ይታያል። ሁለት ስዊሶች ይዤ ወጣሁ፣ አራት አራት ያዙ። እንደ ልማዴ ዓሣቸውን አስይዤ ፎቶ አነሳኋቸው። አንደኛው ሙሽራ ይመስል ፀጉሩን አበጠረ። ፌስቡክ ላይ ለጠፍኩት፣ ስማቸውን ከሥር ጽፌ። ሰው የሚመጣልኝ በዚህ ነው።

ጀልባው የአንዲት ስዊስ ሴትዮ፣ የፍራው ሬጉላ ነው። መቅዘፉና ዓሣ ያለበትን ማሳየቱ የኔ። ቅዳሜና እሑድ ይህን፣ በሌላው ቀን ኡስተር ባቡር ጣቢያ ጽዳት።

ከሰዓት አንድ አበሻ ደወለ። ተሻገር እባላለሁ አለ። ከጄኔቫ፣ ቬርኒየ ነው የሚኖረው። ለሚመጣው እሑድ ቦታ ያዘ።

እሑድ፣ መስከረም 19

መጣ። ወደ አርባ የተጠጋ፣ ዝምተኛ፣ ጫማው የተወለወለ። ለዓሣ በተወለወለ ጫማ? መንጠቆውን ውኃ ውስጥ ይጥልና እኔን ያያል። አበሾች ይመጣሉ ወይ፣ ከየት ከየት፣ ከአገር መቼ ወጣህ... ዓሣ ወዳለበት ቀዘፍኩ።

አንድ ደህና ኤግሊ ያዘ። ካሜራ ሳወጣ ፊቱን አዞረ። "ይቅርብኝ" አለ። ዓሣውን ብቻ አነሳሁ።

ሦስት ሰዓት ባቡር ላይ ተቀምጦ እዚህ ምን አመጣው? ደጁ ላይ ያ ሁሉ ሐይቅ ተዘርግቶለት? እነሱ በፈረንሳይኛ ፔርሽ ይሉታል እንጂ ያው ኤግሊ አይደል እንዴ?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 23

ውኃው ቀዘቀዘ። ኤግሊዎቹ ዳሩን ትተው ወደ ጥልቁ ወርደዋል። ታች ተጠጋግተው ነው የሚከርሙት፤ ትልልቁ ግን ለብቻው ነው። ረጅም ክር፣ ብዙ ትዕግሥት።

ተሻገር እንደገና መጣ። ዛሬ ደግሞ ስለ ምርጫው። በዘጠና ሰባት የት ነበርክ አለኝ። ምን አገባው? የተቃዋሚ ታዛቢ ነበርኩ፤ እዚህ ያመጣኝም እሱ ነው። ታናሽ ወንድሜ ንዋይ ግን እዚያው ነው፣ የመንግሥት ሠራተኛ። እኔ እዚህ የማወራው እሱን እዚያ ያስከፍለዋል። ሥራውን ብቻ ቢሆን ደግ ነበር።

"ተማሪ ነበርኩ" አልኩት።

ለንዋይ ደወልኩ። ስለኔ የጠየቀህ ሰው አለ? ልለው ነበር... በስልክ? ስለ ዝናብ አውርተን ዘጋን።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 13

ብርዱ አጥንት ይገባል። ማንም የለም፣ ከተሻገር በቀር። ደሞዝ ካልተከፈለው በቀር በዚህ ብርድ ጀልባ ላይ ማን ይቀመጣል? እኔስ ይከፈለኛል።

እሑድ፣ የካቲት 16

ሁሌ የሚመጡልኝ የረገንስዶርፍ ከተማ የአበሻ ቸርች ልጆች ቀሩ። አምና ጀልባውን ይሞሉት ነበር። ደወልኩላቸው። ሥራ በዛብን አሉ። ሁሉም ባንድ ጊዜ ሥራ በዛባቸው? እሱ ነው። ተሻገር ስሜን እያጠፋ ነው።

ፍራው ሬጉላ እስከ ነሐሴ እንዲህ ከቀጠለ ጀልባውን ለሌላ ሰው እንደምትሰጥ ነገረችኝ። በትህትና ነው የነገረችኝ። ያ ባሰብኝ።

እሑድ፣ ሚያዝያ 19

ኤግሊዎቹ እንቁላል የሚጥሉበት ጊዜ ነው። ሰው አልወስድም፣ መንጠቆም አልጥልም። ብቻዬን ቀዝፌ ወጣሁ። እንቁላሉ ውኃ ውስጥ የወደቁት ቅርንጫፎች ላይ እንደ ነጭ ዳንቴል ተጠምጥሟል። በየዓመቱ አየዋለሁ፣ በየዓመቱ ደስ ይለኛል።

ዞር ስል ተሻገር ዳር ላይ ቆሟል። ቀጠሮ የለው፣ ምን የለው። የጀልባውን ቤት በመስኮት ያያል፤ ግድግዳው ላይ የደንበኞቼ ፎቶ ነው ያለው። እስክደርስ ሄደ። በሩን ሁለቴ ቆለፍኩት። ከንዴት ነው? ከፍርሃት?

እሑድ፣ ሰኔ 15

ዛሬ አላስቻለኝም። መሐል ሐይቅ ላይ መቅዘፊያውን አስቀመጥኩና "ማን ነው የላከህ?" አልኩት።

"እኔም የመጣሁት ይህን ልጠይቅህ ነው" አለ።

"እኔን?"

"አንተን።"

ትርፍነሽ የምትባል እህት አለችው፣ ከረገንስዶርፎቹ አንዷ። አስታወስኳት፤ አምና ትልቅ ኤግሊ ይዛ፣ እሾሁ ወግቷት እየሳቀች። ፎቶዋ ፌስቡክ ላይ በወጣ በወሩ አዲስ አበባ አባታቸው ቤት ሁለት ሰዎች መጡ። ስዊስ ያለችው ልጅዎ ከእነማን ጋር ነው የምትውለው ብለው። ፎቶዋን በስልክ አሳዩአቸው። እኔ ያነሳሁትን።

"አበሻውን ሁሉ ታነሳለህ፣ ስም ትጽፋለህ" አለኝ። "ግድግዳህን አየሁት። አንተ ግን አንዱም ላይ የለህም። ምን ልበል?"

ምን ይበል... የማነሳው እኔ ነኛ! ለማስታወቂያ ነው አልኩት። ለራሴም ሰበብ መሰለኝ። ረገንስዶርፎቹ ለምን እንደቀሩ ገባኝ።

ስለ አባትየው ጠየቅኩት። ደህና ናቸው አለ። "ግን ከዚያ ወዲህ አትደውይልኝ ብለዋታል።"

እውነቱን ነገርኩት። ታዛቢነቴን፣ ንዋይን፣ ሁሉንም። አመነኝ? እንጃ።

ሰኞ፣ ሰኔ 16

ፌስቡክ ላይ ያለውን ፎቶ ሁሉ አጠፋሁ። የግድግዳውንም ነቀልኩ። ለወንድሜ ስፈራ ስከርም የሰው አባት ትዝ አላለኝም። አፈርኩ።

እሑድ፣ ነሐሴ 4

ኤግሊዎቹ ሸምበቆው ዳር ተመልሰዋል። ከረገንስዶርፍ አንድ ሰው ቦታ ያዘ። አንድ ብቻ። ፍራው ሬጉላ እስከ መስከረም እንይ ብላለች።

ተሻገርም መጣ፣ በአሮጌ ጫማ። እኔ ልቅዘፍ አለና የመንጠቆውን ዘንግ ሰጠኝ። ክሩ ተወጠረ። እንዲህ ያለ ትልቅ ካየሁ ቆይቻለሁ፣ ለብቻው የሚሄደው ዓይነት።

"ከፍ አድርገው" አለ። ቀና ስል ስልኩን ደግኖብኛል። ፊቴን ላዞር ነበር... አላዞርኩም። አነሳኝ።

"ለትርፍነሽ ላሳያት ነው።"

ለትርፍነሽ ብቻ? አሁን ባቡር ላይ ነው። ፊቴ ከነዓሣው ኪሱ ውስጥ ነው። ልጠይቀው ስልኬን አነሳሁ። መልሼ አስቀመጥኩት።