ናቲን የሚያናግረው አንተ ነህ?

የልጄ አባት፣ የኔ ተሼ፣

እንዴት ከረምክ አልልህም፤ እዚያ እንዴት እንደሚከረም ተመልሶ የነገረን የለም። ከተለያየን ሁለተኛው መስከረም ጠባ። እኔ አለሁ፣ ልጃችን ናቲም አለ። የምጽፍልህ ስለ እሱ ነው፤ አንድ የምጠይቅህ ነገርም አለኝ። እስክደርስበት ታገሠኝ፣ ወሬ እንደማስረዝም ታውቃለህ።

ፉሪ ትተሃት የሄድካት ፉሪ አይደለችም። ቤታችን እንዳለች ናት። የውጩ በር አሁንም ክረምት ሲገባ ያብጥና በትከሻ ካልተገፋ አይከፈትም። ከሥራ ስትመለስ መኪናህን አቁመህ «አስኒ፣ በሩን!» ብለህ ስትጮህ እስከ ዓለም ገና ይሰማ ነበር። አሁን ሰው ሁሉ የሚያወራው በሹክሹክታ ነው።

ባለፈው ዓመት ማስተር ፕላን የሚባል ነገር መጣብን። አዲስ አበባ ወደ እኛ ልትሰፋ ነው ተባለ። ሰዎች መጥተው የጎረቤታችን የኦቦ ገመቹ የጤፍ ማሳ ላይ ጫፉ ቀይ የተቀባ ችካል ተከሉ። ማን ላካችሁ ቢባሉ ቀጣዩን ችካል መቱ። ከዚያ ሰልፉ ተነሳ፣ ጎማው ተቃጠለ፣ መንገዱ ተዘጋ፣ ልጆች ከየቤቱ መወሰድ ጀመሩ። ቦታውን የሸጡልን ኦቦ ገመቹ መሬቴ ሄደ ይላሉ፤ እኛ የገዛነው ደግሞ ቤታችን ይፈርሳል እንላለን። እኛ እነሱን፣ እነሱ እኛን፣ ሁላችን ደግሞ ያላወቅነውን ሰው ሁሉ እንጠረጥራለን። ስልክ ይሰማል ስለተባለ እንግዳ ሲመጣ የሁሉም ስልክ ተሰብስቦ ዱቄት ዕቃ ውስጥ ይገባል። አንድ ቀን የእድር ሴቶች እኔ ቤት ተሰብስበን ሳለ ከዱቄቱ ውስጥ አንዱ ጮኸ። እትዬ ብርቄ «በስመ አብ!» ብለው ተነሥተው በጓሮ በር ወጡ። የጮኸው የራሳቸው ስልክ ነበር።

በዚህ መሃል ነው ናቲ ችካል መንቀል የጀመረው።

ሰፈሩ እንዴት እንዳመሰገነው! የኦሮሞው ልጅ ከአማራው ልጅ ጋር ተስማምቶ ያጨበጨበው ያኔ ብቻ ነው። «ዝምተኛ ነው ስንለው ለካ ጀግና ነው» አሉ። እውነቱን ልንገርህ፣ እኔም ኮራሁ። እንቅልፍ ማጣቱንም፣ ጓደኞቹን መራቁንም፣ መስኮቱን በብርድ ልብስ መሸፈኑንም ጊዜው ነው አልኩ። ማን ተኝቶ ያድር ነበርና?

ከዚያ የኦቦ ገመቹ ላም የታሰረችበትን ችካል ነቀለ። ላሟ የእትዬ ብርቄን ጎመን ጨርሳ ተገኘች። ሰው ሳቀ። በማግስቱ የኛን የልብስ ማስጫ እንጨት ነቀለ። የቲማቲሙን መደገፊያ ነቀለ። ኦቦ ገመቹ ወደኔ መጥተው እንደ ወትሮው «አካም ጅርቱ» ብለው ሰላም ካሉኝ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፦ «የናቲ እናት፣ የመንግሥትን ችካል እኔም ነቅያለሁ። የላም ችካል ግን ምን አደረገው?»

ስጠይቀው ናቲ ዓይኔን ሳያይ መለሰልኝ። ችካሎቹ ጆሮ አላቸው አለ፤ የምናስበውን ይሰማሉ። ማን ነገረህ? «አባዬ። አባዬ ንቀል አለኝ።»

ተሼ፣ የቀደመኝ ቅናት ነው። ድንጋጤው ኋላ መጣ። ለእኔ በሕልም እንኳ አንዲት ቃል ሳትተነፍስ ለልጅህ ቀን ከሌት ታወራለህ? ወጥ ቤት ገብቼ ተቀየምኩህ። ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጥፌ አዳመጥኩ፣ ምናልባት ድምፅህ ለእኔም ቢደርስ ብዬ። የሚሰማው የናቲ መልስ ብቻ ነው፦ «እሺ አባዬ፣ እሺ።»

በሳምንቱ አንዲት ወጣት በር አንኳኳች። ሲስተር ሐዊ እባላለሁ አለች። ከሆስፒታል ነው የመጣሁት፣ የአእምሮ ሕመም ገና የጀመራቸውን ወጣቶች ቤታቸው ድረስ እየሄድን የምናይበት አዲስ ሥራ አለን አለች። ኦቦ ገመቹ ለደም ግፊታቸው ሆስፒታሉ ሄደው ስለ ናቲ ነግረዋት ኖሯል። አቤት ጥያቄዋ! ማንን ነው የሚጠረጥረው? ከማን ጋር ይውላል? ማታ የት ይወጣል? በዚያ ሰሞን ይህን የሚጠይቅ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ለአንተ አልነግርህም። «ልጄ ወሊሶ አክስቱ ጋ ሄዷል» አልኳትና በሩን በትከሻዬ ገፍቼ ዘጋሁት። ናቲ ከጀርባዬ መጋረጃ ውስጥ ቆሟል። እትዬ ብርቄ ሲሰሙ ገመቹ አርፎ አልተኛም አሉኝ፤ ልጁን አስወስዶ ቦታውን መልሶ ሊይዘው ነው። እኔም ለኦቦ ገመቹ ሰላምታ ነሣሁ። በዚህ አልጸጸትም። ጊዜው ያስተማረኝ እሱን ነው።

ናቲን ጠበል ወሰድኩት። ሲመለስ ትንሽ ረጋ፣ ከዚያ ባሰበት። አንድ ቀን ምሳ አቀረብኩለትና ሳህኑን ገፋው። አልበላም አለ። «አባዬ የእናትህን ምግብ እንዳትበላ፣ መርዝ አለበት አለኝ።»

ያኔ ነቃሁ፣ ተሼ።

አንተ? ሠርግ ቤት በልተህ መጥተህ እንኳ «የአስኒን ሽሮ ሳልቀምስ አልተኛም» የምትለው አንተ? ሕመሙ ጉሮሮህን ዘግቶት የመጨረሻው ሳምንት ላይ እንኳ በጣትህ ጫፍ የላስከው የኔን ሽሮ ነው። ድምፅህን ሊሰርቅ የሚችል ይኖር ይሆናል። አንተ ግን የኔን ምግብ አትብላ አትልም። ያን ዓመት ሁሉን ስጠረጥር፣ ጎረቤቱን፣ ነርሷን፣ ስልኩን፣ ሳልጠረጥረው የቀረ ያ ድምፅ ብቻ ነበር።

ነጠላዬን ጣል አድርጌ ኦቦ ገመቹ በር ላይ ቆምኩ፤ ያቺን ነርስ ፈልጉልኝ አልኳቸው። አንድ ቃል ሳይጠይቁኝ ከዘራቸውን አነሡ።

ሐዊ በነጋታው መጣች። መንገድ ተዘግቶ ከዓለም ገና በእግሯ ነው የመጣችው። ናቲ ስልኳን ሲያይ ወደ ግድግዳው ተጠጋ፤ እኔም ሳላስበው የዱቄቱን ዕቃ ከፈትኩላት። ሳቀችና ራሷ ከተተችው። ቦርሳዋንም ደጅ ተወችው። የምትጽፈው ነገር ሳትይዝ ወለሉ ላይ ተቀመጠችና ስለ ኳስ አወራችው።

ስትወጣ ያዝኳት። «ልጄ፣ ሁላችንም እኮ ፈርተናል። እኔም ስልኩ የምናወራውን ይሰማል እላለሁ። የሱን ሕመም ያሰኘው ምንድን ነው?» አልኳት። «እናቴ፣ የእርስዎ ፍርሃት በር ሲዘጋ ይቀንሳል። የሱ በር ሲዘጋ ይብሳል» አለችኝ። ስሙ ሳይኮሲስ ነው አለች፤ አእምሮ የሌለ ነገርን እንዳለ አድርጎ የሚሰማበትና የሚያምንበት ሕመም። እርግማን አይደለም፣ የአስተዳደጉም ጥፋት አይደለም። ሳይከርምበት በመያዛችን ከትምህርቱም ከጓደኞቹም ሳይቆረጥ የመመለስ ዕድሉ ይሰፋል። ጠበሉን ተዉ አላለችም፤ ክኒኑንም አትተዉ አለች እንጂ።

ክኒኑን መስኮት ላይ ይዤ አገላብጬ አየሁት። ከራስ ምታት ክኒን በምንም አይለይም። ይህችን የምታህል ነገር ያን ድምፅ ታጠፋለች? ደግሞስ፣ ከድምፁ ጋር አንተንም ብታጠፋብኝስ? ይህን ለማንም አልነገርኩም። ለናቲ ክኒኑን ከሽሮው ጋር ሰጠሁት። መጀመሪያ ክኒኑን ዋጠ፤ ሽሮውን የበላው ከሰነበተ በኋላ ነው።

አሁን ይተኛል። እንዲያውም ይበዛበታል፣ መብላቱም እንዲሁ። ሐዊ እየመጣች ታወራዋለች፣ ለእኔም ለብቻ ጊዜ ትሰጠኛለች። በዚህ መስከረም ትምህርት ቤት በግማሽ ቀን ጀምሯል። ገና ነው፤ አንዳንድ ቀን ዓይኑ ይርቃል፣ እኔም ልቤ ይሸሻል። ፕላኑ ቀርቷል ተባለ፤ ያመነ የለም። ኦቦ ገመቹ ጠዋት ጠዋት ወተት ይልካሉ፣ «የላሜን ችካል ለነቀለው ጀግና» እያሉ። ናቲ በዚህ ይስቃል። ሲስቅ አንተን ነው።

ባለፈው ደረጃው ላይ ተቀምጠን ሳለ «እማ፣ አባዬ ዝም አለ። አስቀየምኩት እንዴ?» አለኝ። አላስቀየምከውም፣ አባትህ ሲጠግብ ዝም ይል ነበር አልኩት። ከዚያ ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ፤ ሁለት ጊዜ የሞትክብኝ መሰለኝ።

እንግዲህ የምጠይቅህ ይኸው። ያ ክፉ ድምፅ አንተ እንዳልሆንክ አውቃለሁ። ነገር ግን ከዚያ ሁሉ መሃል አንዲት ጊዜ፣ አንዲት ደግ ቃል የተናገርከው አንተ ከነበርክ፣ እባክህ ለልጁ ዝም በልለት። ናፍቆትህን እኔ እችለዋለሁ። እኛ እናወራሃለን። ማታ እራት ላይ እውነተኛውን አንተን እነግረዋለሁ፤ ጩኸትህን፣ መኪናህን፣ የላስከውን ጣትህን። እሱ የረሳውን እኔ አስታውሳለሁ፣ እኔ የረሳሁትን እሱ። አንተ አድምጥ ብቻ።

ዛሬ ናቲ ከትምህርት ቤት ሲመለስ በሩ አብጦ አልከፈት አለው። ከውጭ ሆኖ «እማ፣ በሩን!» ብሎ ጮኸ። ድምፁ ያንተን ይመስላል፣ ግን የራሱ ነው። ሮጬ ወጥቼ ከፈትኩለት።

አስኒህ፣
ከፉሪ