ቀዩ ቀለም የደበዘዘብኝ ሰሞን

ለምሳሳልሽ እህቴ፣ ለእትዬ፦

እንደምን ከረምሽልኝ? ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ደረጃ ስትወጪ መሃል ላይ ትቆሚያለሽ? እማዬስ እንዴት ናት? ጆሮዋ አሁንም የፈለገችውን ብቻ ነው የሚሰማው? አባዬን ሳሉ ለቀቀው? ሁሉንም አንድ በአንድ ብጠይቅ ወረቀቱ ያልቅብኛል፤ ብቻ ናፍቃችሁኛል። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ይህችን «ደህና ነኝ» ግን እንደ ወትሮው ለልማድ አልጻፍኳትም። በስልክ ያልነገርኩሽ ድምፄ ስለሚያሳብቅብኝ ነው። አንቺ እስከ መጨረሻው ሳታነቢው ለእማዬ አታንብቢላት።

ነገሩ የጀመረው ጋራዥ ውስጥ ነው። ሥራዬ የተጋጨ መኪና ቀለም መቀባት፣ አዲሱን ቀለም ከአሮጌው ጋር ማመሳሰል እንደሆነ ታውቂያለሽ። የአንዲት ቀይ መኪና በር ቀብቼ፣ በሥራዬ ደስ ብሎኝ እጄን ስታጠብ የጋራዡ ባለቤት ጠራኝ። «ምንድን ነው ይሄ? በሩ ሌላ፣ መኪናው ሌላ!» አለ። እኔ ሳየው አንድ ነው። በጢሙ የተነሣ እኔ ለራሴ ጢሞ የምለው መካኒክ መጣና አይቶ «ዛሬስ አበላሽተሃል» አለኝ። ጢሞ ሳይስቅ ሲናገር ያስፈራል።

ሰሞኑን ቀኝ ዓይኔን ያመኝ ነበር። ወደ ጎን ሳዞረው ከሥሩ የሚጎትተኝ ነገር አለ፤ የቀለሙ ሽታ ነው ብዬ ንቄው ነበር። ቀለም ሳስተያይ ደግሞ ግራዬን ጨፍኜ በቀኜ የማየት ልማድ አለኝ። አሁን ቀኜን ጨፍኜ በግራዬ ሳየው በሩ እውነትም ሌላ ነው። በግራዬ የሚያበራው ቀይ በቀኜ ሲታይ ፀሐይ ላይ የከረመ ጨርቅ ይመስላል። በማግስቱ ጠዋት ቀኝ ዓይኔ መሃሉ ላይ ጭጋግ ተቀመጠበት። ግራዬን ሸፍኜ መስታወት ፊት ስቆም ፀጉሬና አገጬ አሉ፣ ፊቴ የለም። እትዬ፣ ቀለም የማይለይ ቀለም ቀቢ ምን ሠርቶ ይበላል?

ጢሞ ሥራውን ጥሎ ሆስፒታል ወሰደኝ። ሐኪሟ ፊደል አስነበበችኝ፤ በቀኜ ትልቁን እንኳ አጣሁት። ሁለቱን ዓይኖቼን እያፈራረቀች በባትሪ አየች። የቀይ እስክሪብቶ ክዳን አንስታ «በሁለቱም እኩል ይቀላል?» አለችኝ። የዚህ አገር ቋንቋ ለዕለት ኑሮ ይበቃኛል፤ ለሕመም ግን አልበቃ አለኝ። መንተባተቤን አይታ በስልክ አስተርጓሚ አገናኘችኝ። ከጠረጴዛው ላይ «ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ፣ ይሰማል?» የሚል የሴት ድምፅ ወጣ።

እስከዚያ ድረስ አላለቀስኩም ነበር። ከእናንተ በቀር በቋንቋችን «ወንድሜ» የሚለኝ ሰው ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ! እንባዬን በእጅጌዬ ጠረግኩ። ሐኪሟ ሕመሙ የባሰብኝ መስሏት ደነገጠች። ሴትየዋ ቀስ ብላ «ከዓይንህ ወደ አንጎል የሚሄደው ነርቭ ተቆጥቷል ነው የምትልህ» አለችኝ። «ማን አስቆጣው?» ብላት ሳቀች። ያ ሳቅ ያንን ነጭ ክፍል ለአፍታ የእኛ ሳሎን አደረገብኝ። ብዙ ሰው በሳምንታት ውስጥ እንደሚሻለው፣ ግን ተኝቼ መታከም እንዳለብኝ አስረዳችኝ። ሐኪሟ ንግግሯን ከጨረሰች በኋላ ደግሞ አስተርጓሚዋ «አይዞህ፣ እሺ?» አለችኝ። ይቺ ከራሷ የተጨመረች ነበረች። ስልኩ ተዘጋ፤ ስሟን እንኳ አልጠየቅኳትም።

ከዚያ ኤምአርአይ የሚሉት አንጎል የሚያነሳ ማሽን ውስጥ አስተኙኝ። ቆርቆሮ ሲቀጠቀጥ የምውል ሰው ስለሆንኩ ጩኸቱ ብዙም አልረበሸኝም። ዓይኔን ጨፍኜ እናንተን አንድ በአንድ ልጠራ ሞከርኩ። አንቺ ወዲያው መጣሽ፣ እየተቆጣሽ። እማዬም መጣች። አባዬ ግን የመጣው ግድግዳችን ላይ እንዳለው ፎቶ ሆኖ ነው፤ ሲስቅ ፊቱ እንዴት እንደሚሆን ብፈልግ ብፈልግ አጣሁት። ከዓይኔ ይልቅ ይኼ አስፈራኝ።

ስቴሮይድ የሚባል መድኃኒት በደም ሥሬ ሰጡኝ፤ ቀጥሎም የሚዋጥ። እንቅልፍ ነሳኝ፣ የምግብ ፍላጎቴን ከፈተው፣ ፊቴንም ነፋው። እማዬ ብታየኝ «ልጄ ወፈረልኝ» ብላ ደስ ይላት ነበር። ሥራ ስመለስ ባለቤቱ ቀለሙን አስትቶ ብረት እንድሞርድ አደረገኝ። ጢሞ በየጠዋቱ ቀይ ጨርቅ ቀኝ ዓይኔ ፊት ያንጠለጥልና «ዛሬስ?» ይለኛል። «ያልበሰለ ቲማቲም» እለዋለሁ። ጭጋጉ ከዳር ከዳር እየሳሳ ሄደ። አንድ ጠዋት «በሰለ» ስለው እየጮኸ አቀፈኝ፤ ንጹሕ ሸሚዜን በግሪስ አጨማለቀው።

አልዋሽሽም፣ እንደ ድሮው አልሆነም። በሙቅ ውኃ ስታጠብ ለጥቂት ጊዜ ይደበዝዛል፤ ቀዩም አሁንም ትንሽ ይሳሳብኛል። ስለዚህ የምቀላቅለውን ቀለም ጢሞ ሳያይልኝ አልቀባም። በአንጎሌ ምርመራ ላይ ክፉ ነገር አልታየም። ሆኖም ሕመሙ ሊመለስ ወይም የሌላ የነርቭ በሽታ መጀመሪያ ሊሆን ስለሚችል ሐኪሟ ከወራት በኋላ ደግማ ታየኛለች። ቀኑን እየቆጠርኩ ነው።

አሁን ለእማዬ አንብቢላት። «ይምጣልኝ» ማለቷ አይቀርም፤ እመጣለሁ በያት። ከምርመራው በኋላ እረፍት ጠይቄ ተፈቅዶልኛል።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። አባዬን ብዙ እንዳያጨስ ተቆጪልኝ። ጋሼን፣ ባለቤትሽን፣ ወንበር ላይ ካንቀላፋበት ቀስቅሰሽ ሰላም በይልኝ። ታናሻችን ቀጮ ጫማዬን ማድረጉን ሰምቻለሁ፤ ይቅደደው። ልጅሽን፣ ሚጣዬን፣ ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳሚልኝ። ለጎረቤቶቻችንም ሁሉ ሰላምታዬ ይድረስ። እትዬ፣ ያኔ ስመጣ ደጃፉ ላይ ቆሜ ዝም ብዬ ባያችሁ አመመው ብላችሁ አትደንግጡ። ዓይኔን በእናንተ እያጠገብኩት ስለሆነ ነው።

ወንድምሽ
ከጋራዡ ጀርባ ካለችው ክፍሌ
ኅዳር 9 ቀን