ለያፌት ራስ የተሸጠ፣ በሣባ እጅ የተወቀጠ ክኒን

ለተከበሩ አቶ ቢተው
በጉርድ ሾላ የመድኃኒት ቤት ባለቤት

ከሁሉ አስቀድሞ የእርስዎን ጤና፣ የቤተሰብዎን ጤና፣ እንደ በግ ለምድ የተንዠረገገውንም የፀጉርዎን ጤና አጥብቄ እጠይቃለሁ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ በራዬም ደህና ነው።

በመቀጠል ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ለሚያነበው፣ ከጉርድ ሾላ እስከ ሲኤምሲ ለሚኖረው ሕዝብ ሁሉ የሚከተለውን ታላቅ ዜና በአክብሮት አበስራለሁ፦ የልጅ ልጄ የሣባ ባል አቶ ያፌት ከእርስዎ በገዛው የፀጉር ክኒን እነሆ አንዲት ፀጉር እንኳ አላበቀለም። አናቱ እንደ ወትሮው ያበራል። ለአውሮፕላን ማረፊያው ቅርብ ነንና አንዱ አብራሪ ተሳስቶ እንዳያርፍበት ባርኔጣ እንዲያደርግ ዘወትር እመክረው ነበር፤ እርስዎ ግን ከባርኔጣ የሚሻል አለኝ አሉት።

ቅሬታዎቼን በትሕትና እዘረዝራለሁ።

1ኛ. ክኒኑ በሐኪም ማዘዣ ብቻ የሚሰጥ ሆኖ ሳለ፣ የያፌትን አናት አንዴ ብቻ አይተው «አንተማ ማዘዣህን ተሸክመኸው ነው የመጣኸው» ስላሉት ከልብ አመሰግናለሁ። ሰፈሩ ዶክተር እያለ ሲጠራዎት አንድም ቀን አለማስተባበልዎ ለካ በምክንያት ኖሯል። ሌላው ሰው ዶክተር ለመባል ዕድሜውን በትምህርት ይፈጃል፤ እርስዎ ነጭ ጋዋን ገዝተው ተገላገሉ።

2ኛ. ክኒኑን ከነማሸጊያውና ከነመመሪያው በመስጠት ፈንታ፣ እንደ ከረሜላ ፍሬ በፍሬ ቆጥረው ከተማሪ ደብተር በተቀደደ ወረቀት ጠቀለሉለት። ቤት ገብቶ ሲፈታ የሚነበብ ነገር ብንፈልግ ያገኘነው የአንድ ሕፃን የመደመር ልምምድ ነው፤ እሱም ተሳስቶ መምህሩ ኤክስ አድርገውበታል።

3ኛ. ያፌት አወሳሰዱን ቢጠይቅዎ «በቀን አንድ» ብለው ወደሚቀጥለው ደንበኛ ዞሩ። እሱም ቤቱ ተቀምጦ አሰበ፤ ባያስብ ይሻለው ነበር። ፀጉሩ የጠፋው ከአናቴ፣ ክኒኑ ሆዴ ውስጥ ምን ሊሠራ ይወርዳል አለ። ሣባ ደግሞ ፀጉር የሚያምረው በቅቤ ነው ሲባል እየሰማች ያደገች ልጅ ናት። ክኒኑን በሙቀጫ እየወቀጠች፣ በለጋ ቅቤ እየለወሰች፣ ጠዋት ጠዋት አናቱን በመዳፏ ታሸው ጀመር። ፀሐይ ሲመታው ቅቤው በጆሮ ግንዱ ይወርዳል፤ የሲኤምሲ ዝንብ ሁሉ እስከ ታክሲ መያዣው ይሸኘዋል። እኔም ጎኔን ይዤ ሳቅሁ።

ሳቄ ግን ብዙ አልቆየም። ሣባ ነፍሰ ጡር ናት። ወሎ ሰፈር ለእርግዝና ክትትል በሄደች ጊዜ ሐኪሟ ስለ ቅቤው ሽታ ብትጠይቃት ነገሩን እየሳቀች አወጋቻት። ሐኪሟ አልሳቀችም፤ ክኒኑን አምጡልኝ አለች። ያፌት አፍሮ ስለቀረ ይዤላት የሄድኩት እኔ ነኝ። የዚህን መድኃኒት ዱቄት እርጉዝ ሴት በእጇ መንካት እንደሌለባት፣ በቆዳዋ ዘልቆ በማህፀኗ ያለው ልጅ ወንድ ከሆነ አካሉን ሊጎዳ እንደሚችል፣ ይህም እርስዎ ዘንድ በቀረው መመሪያ ላይ በጉልህ እንደተጻፈ ከእሷ ሰማሁ። ደግነቱ «ልጁ ምንም አይሆንም፤ አይዞሽ በሏት» ብላ ላከችኝ፤ እኔም ለሣባ ቃል በቃል አደረስኩ።

4ኛ. ከዚያ ወደ መስኮትዎ መጣሁ። ገና አፌን ሳልከፍት «አባባ፣ ይሄ የጎረምሳ ነው፤ እርስዎ ላይ አይሠራም» ብለው የቆመውን ሰው ሁሉ ስላሳቁብኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም፤ ተረበኛ ሰው ተረብ ሲወረወርበት ደስ ይለዋል። ጉዳዬን ሳስረዳዎ ግን ፈገግታዎ ከፊትዎ ሳይጠፋ «ማን ውቀጡት አላችሁ?» አሉኝ። ጌታዬ፣ አትውቀጡ ያለንስ ማን ነው? መመሪያውን ያሳዩኝ ብልዎ ደግሞ «እንግሊዝኛ ነው፤ ምን ያደርግልዎታል?» አሉ። እውነትዎን ነው፣ እንግሊዝኛ አላውቅም። የሚያውቁት እርስዎ ነበሩ።

የምጠይቅዎ ይቅርታ አይደለም፤ እሱንም በደብተር ወረቀት ጠቅልለው ይሰጡኛል። ይህን ክኒን የሸጡላቸውን ራሰ በራዎች ያውቋቸዋል፤ ከሩቅ ይታያሉ። መስኮቱን ዘግተው በየደጃቸው ይሂዱና ቤታቸው ነፍሰ ጡር ሴት እንዳለች፣ ክኒኑንም በእጇ የሚነካ ማን እንደሆነ ይጠይቁ። እርስዎ ካልሄዱ እኔ እሄዳለሁ፤ የላከኝም ማን እንደሆነ በየበሩ እናገራለሁ።

ፀጉርዎ እንዳይረግፍ፣ ጋዋንዎ እንዳይቆሽሽ፣ ሕሊናዎም ከሞቀ እንቅልፉ እንዳይቀሰቀስ ሳላሰልስ የምጸልይልዎ፣ በተፈጥሮ ራሰ በራ የሆንኩ ትሑት ጎረቤትዎ፣

ኃይለኪሮስ ፍስሃ
ሲኤምሲ፣ ግንቦት 1991 ዓ.ም

ማስታወሻ፦ ከጻፍኩት ሁሉ አንዱን የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ሐኪሟ «ምንም አይሆንም» አላለችም፤ ያለችው «እስኪወለድ ድረስ ማንም አያውቅም» ነው። ሣባ ጋዜጣ ሳታነብ አትውልምና ጋዜጣውን ከመስጠቴ በፊት ይህችን ማስታወሻ በመቀስ ቆርጬ አስቀራታለሁ፤ ጎረቤቶቼም እንዳትነግሯት አደራ። የሚመለከታት ወረቀት ሲደበቅባት ይህ ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያውን የደበቁት እርስዎ ነዎት።