ወደ ጭጋጉ የገቡት ወይዘሮ ሠርከአዲስ ተሰማ

ወይዘሮ ሠርከአዲስ ተሰማ ከአባታቸው ከአቶ ተሰማ ወልደ ጊዮርጊስና ከእናታቸው ከወይዘሮ ማሚቱ ኃይለየሱስ በ1886 ዓ.ም. ጎባ ተወለዱ። አባታቸው ከሰሜን ከዘመተው ጦር ጋር መጥተው የሰፈሩ ነበሩ፤ የአገሩ ሰው ወዶ የተቀበላቸው አልነበሩምና ወይዘሮ ሠርከአዲስ ጠመንጃ ከራስጌ በማይለይበት ቤት አደጉ።

ከቄስ ዘንድ ፊደል ቆጥረው ዳዊት ደግመዋል። ከዚያ አስቀድሞ ግን ከቤታቸው በላይ ያለውን የደጋ አጋዘን ለይተው ያውቁ ነበር። አጋዘኑ ቀን ብርዱን በአስታው ቁጥቋጦ ተከልሎ ያሳልፋል፤ ሲመሽ ሜዳው ላይ ወርዶ ይግጣል። ወንዱ ጠምዛዛ ቀንዱን ይዞ ለብቻው ሲዞር፣ ቀንድ የሌላቸው ሴቶቹ አብረው ይሄዳሉ። አራሷ ልጇን ረጅም ሣር ውስጥ አስተኝታ ራቅ ብላ ትግጣለች፤ ሰው ሲቀርብ ጩኸቷ ከውሻ አይለይም።

በ1901 ዓ.ም. የአባታቸውን ባልደረባ አቶ ኃይለመስቀል ገብረ መድኅንን አገቡ።

በ1905 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ሰፈሩ ሊወረር ነው የሚል ወሬ ሲናፈስ ሰነበተ። አንድ ማለዳ ጭጋጉ እንደወረደ ከአስታው በኩል ጩኸት ተሰማ፤ ቅርንጫፍም ይሰበር ነበር። አቶ ኃይለመስቀል ሰዎቻቸውን አሰልፈው «ውሻ ካለ ሰው አለ፤ ተኩሱ ስል ተኩሱ» አሉ። ወይዘሮ ሠርከአዲስ የባለቤታቸውን አፈሙዝ በእጃቸው ዝቅ አድርገው «አይተኩሱ፤ አጋዘን ናት፤ ልጇን ደብቃ ነው» አሉ። ያመናቸው አልነበረም። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ከጠመንጃዎቹ ፊት አልፈው ወደ ጭጋጉ ገቡ። ባለቤታቸው ቢጠሯቸው፣ ቢቆጧቸው አልተመለሱም። እዚያ ያገኙት እንጨት ለቀማ የወጡ የኦሮሞ ሴቶችን ነው፤ አጋዘኗም የምትጮኸው በእነሱ ላይ ነበር። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «አካም ቡልተን» አሏቸው። ሴቶቹ ሰላምታውን ሲመልሱ የተሰለፉት ሰምተው ጠመንጃቸውን አወረዱ።

ከዚያ ወዲህ «የአጋዘን ቋንቋ ያውቃሉ» እየተባሉ ኖሩ፤ እሳቸውም አላስተባበሉም። አምስት ልጆች አሳደጉ፤ ባለቤታቸውንም በ1940 ዓ.ም. ቀበሩ።

ባለፈው ክረምት ሳንባቸውን ታመው ሳሉ የልጅ ልጃቸው እኅተማርያም ያን ማለዳ እንዴት እርግጠኛ እንደሆኑ ጠየቀቻቸው። «ምን እርግጠኛ ሆንኩና ልጄ? እኔም ውሻ መስሎኝ ነበር። ቆሜ የሰው ሬሳ ከማይ ብዬ ነው የሄድኩት» አሉ።

ጥቅምት 4 ቀን 1962 ዓ.ም. በ76 ዓመታቸው ዐረፉ። ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው በሕይወት አሉ፤ የእነዚያ ሴቶች ልጆችም ዛሬ አብረውን ለቅሶ ተቀምጠዋል።

ምን እንደሚጠብቃቸው ሳያውቁ ስለ ሰው ሕይወት ወደ ጭጋግ የገቡትን እናታችንን እግዚአብሔር ወደ ብርሃኑ ያስገባልን። አሜን።