የቡርቃ ውሃ ቤት ቁልፍ

ይድረስ ለለምለም ጎጆ በጎ አድራጎት ድርጅት ዋና ዳይሬክተር
አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ቤተሰብዎና የቢሮ ባልደረቦችዎ በሙሉ ጤናችሁ የተሟላ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ይህችን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር የጻፍኳት ለወጉ ስለሆነ በሪፖርት ውስጥ እንዳትገባብኝ በትሕትና እለምናለሁ፤ ምክንያቱን ከታች አስረዳለሁ።

እኔ እንድሪስ አራጋው እባላለሁ። ከጎብዬ በስተምሥራቅ ሜዳው ላይ ያለችው የቡርቃ መንደር ገበሬና የውሃ ኮሚቴው ጸሐፊ ነኝ። ቡርቃ በኦሮምኛ ምንጭ ማለት ነው ይሉናል ሽማግሌዎቻችን፤ ምንጩን ግን ከእነሱም ያየው የለም። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው እየተባልን ስንኖር ከሁለት ዓመት በፊት ድርጅትዎ መጣ፣ ጉድጓድ ቆፈረ፣ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ፓምፕ ተከለ፣ ለመቆጣጠሪያው የብሎኬት ቤት ሠርቶ በብረት በር ቆለፈልን። ውሃው ዐሥራ አንድ ሳምንት ፈሰሰ። ስለዚያ ዐሥራ አንድ ሳምንት የማመሰግንዎ ያለ አንዳች ቀልድ ነው፤ የሴቶቻችን ወገብ ቀና ሲል ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መቆጣጠሪያው ጭሶ ቆመ። እነሆ ዓመት ከአምስት ወር ሆነው።

ጊዜዎ ውድ መሆኑን ስለማውቅ ቅሬታዎቻችንን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ቁልፉ። በርክክቡ ዕለት በፈረምነው ውል መሠረት ለሦስት ዓመት ያህል ከድርጅትዎ ባለሙያ በቀር ያንን በር ማንም አይከፍትም። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ እንደሚባለው እኛም ቧንቧውን እያየን ፈረምን፤ እኔማ ከሁሉም ቀድሜ ነው የፈረምኩት። ከቆቦ ያመጣነው የፓምፕ ጠጋኝ ደሳለኝ በመስኮቱ ፍርግርግ አጮልቆ አይቶ የተቃጠለው አንድ ዕቃ ብቻ እንደሆነና ሥራው ከግማሽ ቀን እንደማያልፍ ነግሮናል። ዕቃውንም ወልድያ አፈላልጎ አግኝቶታል፣ መንደሩም አዋጥቶ ሊገዛው ተስማምቷል። የጎደለን ቁልፉ ነው፤ እሱም ካልሆነ ክፈቱት የምትል የአንድ መስመር ደብዳቤ ትበቃናለች። ይህችን መስመር ፍለጋ ቅርንጫፍ ቢሮዎ አራት ጊዜ ተመላልሻለሁ። በአራተኛው አንድ ጨዋ ሠራተኛዎ በሩን ዘግተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እውነቱን ነገሩኝ፦ "ጋሽ እንድሪስ፣ ጠግኑት ብለን ከጻፍን ተበላሽቷል ብለን ጻፍን ማለት ነው። በእኛ ሪፖርት ደግሞ ይሠራል።" ስለ ግልጽነታቸው አመሰግናለሁ፤ ማን እንደሆኑ ግን እባክዎ አይጠይቁኝ። ቅሬታዬን በአስተያየት መስጫ ሳጥኑ እንዳስገባም መክረውኝ ነበር። ሳጥኑ የተሰቀለው በተቆለፈው ቤት ውስጥ መሆኑን ስነግራቸው እሳቸውም አዘኑ።

ሁለተኛ፣ ስለ ሪፖርቱ። እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኛ መሆኑን አምነን ይቅርታ እንጠይቃለን። ፓምፑ ከቆመ ከሦስት ወር በኋላ ወይዘሪት ኤሌኒ የምትባል ገምጋሚ ከዋናው ቢሮ ልከውልን ነበር። እኔም እንግዳ መምጣቷን ስሰማ ባጃጅ ወደ ጎብዬ ልኬ ሁለት ጄሪካን ንጹህ ውሃ አስመጣሁ፤ እንግዳ በወንዝ ውሃ አይቀበሉም። ልጅቱ ጠጣች፣ አመሰገነች፣ ታብሌቷን አውጥታም አክስቴን ሙሚናን ስለ ውሃው ጠየቀቻት። አክስቴ እንደ ወጓ "አልሐምዱሊላህ ልጄ፣ ምን ጎድሎን፤ ብቻ እናንተ ደህና ሁኑልን" አለቻት። ክቡር ሆይ፣ በእኛ አገር ጥላ ሥር ገና አረፍ ላለ እንግዳ ችግር አይዘረገፍበትም። እንግዳው ይበላል፣ ይጠጣል፣ ዱዓ ይደረግለታል፤ ከዚያ ሲሄድ እስከ መንደሩ ጫፍ ይሸኛል፣ የልብም የሚነገረው ያኔ መንገድ ላይ ነው። ይህን ሁሉም ሰው የሚያውቀው ይመስለን ነበር። ሾፌሩ ግን ሳይመሽ ቆቦ ለመግባት ቸኩሎ ስለነበር መኪናዋ ከአክስቴ ደጅ ተነሥታ በረረች፤ መኪና ደግሞ በእግር አይሸኝም። እኔ ጥቂት ሮጬ ነበር። አቧራው ነው ያስቀረኝ።

ልጅቱ ዐሥራ ሁለት ቤት ጠይቃ ዐሥራ ሁለቱም ምንም አልጎደለንም ብለዋታል። ስለዚህም በሪፖርትዎ ላይ ከመቶ መቶ የረካች መንደር ሆነናል፤ ለእንግዶች ሳይቀር ንጹህ ውሃ እንደምናቀርብም በአድናቆት ተጽፏል። በጨዋነታችን እንዲህ የተሸለምንበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። ልጅቱን አልወቅሳትም። የምወቅሰው ባጃጁን የላከውን ሰው ነው፣ እሱም እኔ ነኝ።

ሦስተኛ፣ ይህ ሪፖርት ከወጣ ወዲህ መውጫ ጠፍቶናል። በዋጃ በኩል ጉድጓድ የሚቆፍር ሌላ ድርጅት መኖሩን ሰምተን ብንሄድ ካርታ አውጥተው ቡርቃን በሰማያዊ ነጥብ አሳዩን። ሰማያዊ ማለት ውሃ ያለው ነው። ነጥቡን የሚያጠፋው ያስቀመጠው ብቻ እንደሆነም በትሕትና አስረዱን፣ ያስቀመጡት እርስዎ ነዎት።

ከዚህ ሁሉ የሚያስጨንቀኝ ግን ሚኪያስ ነው። ሚኪያስ በመንደራችን ስድስት ዓመት ያስተማረ፣ ከእኛው ጋር ከወንዝ የጠጣ፣ አሁን ደሴ የተዛወረ መምህር ነው። ፓምፑ ሲመረቅ የተነሣውን ፎቶ አይቶ ከዚያች ከመምህር ደመወዙ በየወሩ ለድርጅትዎ እንዲቆረጥ ፈረመ። እየደወለ ውሃው እንዴት ነው ይለኛል። እውነቱን ብነግረው ለእርስዎ ብቻ ሳይሆን ነገ ቤቱ ለተቃጠለበትም፣ ማሽላው ለደረቀበትም እጁን አይዘረጋም፤ አውቀዋለሁ፣ አንዴ የተታለለ ሰው ነው የሚሆነው። ብዋሸው ደግሞ ደመወዝ የሌለኝ የድርጅትዎ ሠራተኛ ሆንኩ ማለት ነው። ስለዚህ ስልኩን ማንሣት ትቻለሁ። የስድስት ዓመት ወዳጄ ሲደውል ጥሪው እስኪቋረጥ ስልኬን ዐየዋለሁ፤ ይህ ያሳፍረኛል፣ ያቃጥለኛልም። ሰው በሰው ላይ ያለው እምነት በካርታ ላይ በነጥብ ስለማይታይ ሲጠፋም በሪፖርትዎ አይገባም።

አራተኛው የልጄ ነገር ነበር። ስምንተኛ ክፍል ናት፣ ክልላዊ ፈተናው ሰኔ ላይ ነው፣ በሳምንት ሦስት ቀን ከአህያ ጋር ወንዝ ትውላለች። ቁልፉ ከሰኔ በፊት ካልተገኘ ዓመቱ እንደሚያመልጣት መምህሯ ነግሮኛል። ከዚህ በላይ እንዳልጽፍ ግን ራሷ ከልክላኛለች፤ ስሟን ካነሣህ ፎቶ ሊያነሡኝ ይመጣሉ ብላ ፈርታለች። ስለዚህ ስሟን ትቼዋለሁ።

በመጨረሻም ውድ ጊዜዎን ሰውተው ይህን ስላነበቡልኝ፣ ካላነበቡትም ለሚያነብልዎ ጸሐፊዎ፣ ጥልቅ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ሥራዎ ይባረክ፣ በርዎ ለጠያቂ ክፍት ይሁን፣ ቧንቧዎ አይድረቅ።

በካርታዎ ላይ ከመቶ መቶ የረካው አክባሪዎ፣
እንድሪስ አራጋው
የቡርቃ ውሃ ኮሚቴ ጸሐፊ

ማስታወሻ፦ ሞትም ችግርም ሲመጣ የምንመክርበት ቅሬያችን ባለፈው ዓርብ ከሶላት በኋላ ተሰብስቦ ነበር። ግማሹ በሩን እንስበር አለ፤ ግማሹ ደግሞ ቡርቃ የእርዳታ ንብረት ሰባሪ ተብላ ለዘላለም እንዳትጻፍ ፈራ። ሁለቱም ልክ ስለሆኑ "የፈረምኩት እኔ ነኝ፣ በሩን ብቻዬን ልስበረው" አልኩ፤ የከለከለኝ አልነበረም። ማክሰኞ ጠዋት ደሳለኝ ዕቃውን ይዞ ይመጣል። የሚሠራ ፓምፕ የተቆለፈበትን በር ሰበረ ብለው መክሰስ መብትዎ ነው፤ እንዲያውም እንዲከሱኝ እማጸንዎታለሁ። ዳኛው ፓምፑ ይሠራ እንደነበር ማስረጃ ሲጠይቅዎ ከድርጅትዎ አንድ ሰው ቡርቃ ድረስ መጥቶ ሰዉን መጠየቅ ይኖርበታል፣ በዚህ ጊዜ ደግሞ እንደ እንግዳ ሳይሆን እንደ ከሳሽ ስለሚመጣ የሚነገረው እውነቱ ብቻ ነው። ቢፈረድብኝም ብዙ አይዘኑልኝ። ማረሚያ ቤቱ ውስጥ ቧንቧው እንደማይቋረጥ ከዚያ የወጡ ሰዎች ነግረውኛል።