የልጃችን ካርታ

ለናፈቅሽኝ ታናሽ እህቴ፣ ሰላምታዬ ከነሳቄ ይድረስሽ።

እኔማ ከደስታ ብዛት መርፌ መጨበጥ አቅቶኛል። አዝለሽ ያሳደግሻት ልጄ ጉድ አሰኘችን እኮ! መሥሪያ ቤቷ ሰው ስልኩን ይዞ የሚሄድበትን መንገድ የሚያሳይ መረጃ ከሚሸጡ ነጋዴዎች እየገዛ ካርታ ላይ ያወጣል። እሷ ታዲያ እናቶች ወደ ጤና ጣቢያው ዳገቱን በእግር እንደሚወጡ ለአውቶቡስ ድርጅቱ ሰዎች በካርታው አሳየቻቸው፤ ይኸው አሁን አውቶቡሱ በሩ ላይ ይቆማል። ሰፈሩ "የአውቶቡሷ እናት" ይለኛል፤ እኔም ደረቴን ነፍቼ "አቤት!" እላለሁ።

ካርታውን ስታሳየኝ "ስም የለበትም፣ እማዬ" አለችኝ። ከቤታችን ተነስታ ልብስ ስፌት ቤቴ የምትገባ ነጥብ አየሁና "ይቺማ እኔ ነኝ!" ብዬ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። "ማን ማን ያየዋል?" ስላት "የገዛው ሁሉ" አለችኝ።

ሌላ ወሬ፣ ያ አምልጠሽው የሄድሽው ባልሽ ትናንት በስፌት ቤቴ በር አለፈ። ድሮ ባገኘኝ ቁጥር "የት ደበቃችኋት?" እያለ ያፋጥጠኝ ነበር። ትናንት ግን ምንም አልጠየቀኝም፤ ፈገግ ብሎ ሰላም ብቻ አለኝ።

ይህን ብነግራት ልጃችን ያለሽበትን ቦታ የሚያሳየውን የስልክሽን ሎኬሽን ዛሬውኑ አጥፊው ትልሻለች። ሥራዋ ነውና አትከራከሪያት። እንዳጠፋሽው በጎረቤትሽ ስልክ ድምፅሽን አሰሚኝ፤ እስከዚያ ከስልኬ አጠገብ አልነሳም።

ጉንጭሽን አገላብጣ የምትስምሽ፣
ታላቅሽ